ያላልኩት ዓረፍተ ነገር

አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ መኪናውን የሚያቆም እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነበር። ለንደን ለሚታተም ጋዜጣ በየሳምንቱ የፖለቲካ ዓምድ ይጽፋል። ከወጣትነቱ ጀምሮ ሌላ ሥራ ሠርቶ እንደማያውቅ ነግሮኛል። ቁልፉን ሲሰጠኝ ዓምዱንም አትሞ ይሰጠኝ ነበር። እኔም ማታ ደብተር ላይ እገለብጠዋለሁ፤ እንግሊዝኛ መጻፍ የተማርኩት እንደዚያ ነው።

አንድ ሐሙስ ራሴን ዓምዱ ውስጥ አገኘሁት። ኢትዮጵያዊው የጋራዥ ሠራተኛ «ሊወድቅ የደረሰ መንግሥት ከሩቅ ይሸተናል» አለኝ ይላል። በዚያ ሳምንት የነገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የኋላ ቀኝ ጎማው አየር ቀንሷል።

አባቴ ታክሲ ነጂ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ አብረን እንኖራለን። ወረቀቱን ላሚኔት አስደርጎ ሳሎን ሰቀለው።

«እኔ እኮ አላልኩም» አልኩት።

«ዝም በል ባክህ! እቤት አፍህን ከፍተህ አታውቅ፣ ለንደን ድረስ ሄደህ ተናገርክ!»

እንግዳ በመጣ ቁጥር አስነሥቶ ያስነብበኝ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከጋዜጣው አንዲት ሴት ኮል አደረገችልኝ። ሌላ ሰው «ያላልኩትን ጻፈብኝ» ብሎ አመልክቶ፣ ጋዜጠኛው የጠቀሳቸውን ሁሉ እያጣሩ ነበር። ሥራው በመልሳችን እንደሚወሰን አልደበቀችኝም። ስልክ ቁጥሬን የሰጣት ጋዜጠኛው ራሱ ነው።

«ብለኸዋል?»

የጋዜጠኛው መኪና ከምቀመጥበት ክፍል መስታወት ማዶ፣ ከሦስተኛው ምሰሶ አጠገብ ቆሟል።

«አላልኩም። ያልኩት ስለ ጎማ ነው።»

ስትጽፍ ይሰማኛል። አመስግናኝ ዘጋች። ቀጥሎ የመጣውን መኪና አስገባሁ።

በሳምንቱ ጋዜጠኛው ዕቃውን በካርቶን ይዞ ከላይ ካለው ቢሮው ወረደ።

«ባንተ ተማምኜ ነበር» አለኝ፤ አልተቆጣም።

ቁልፉን ሰጠሁት። «ጎማው አሁንም አየር ይፈልጋል።»

«አውቃለሁ» አለና ሄደ። ዓምዱ ከዚያ ወዲህ አልወጣም።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ።

«ሰውዬው ልጆች አሉት?»

«አልጠየቅኩትም።»

ወረቀቱን አላወረደውም። እንግዳ ሲመጣ ግን ማስነበቡን ተወ።