እጇ ጆሮዋን እስኪነካ

እንጅባራ ውስጥ የአንደኛ ክፍል መምህር ሆኜ ለብዙ ዓመታት ልጆች መዝግቤያለሁ። ያኔ የልደት ወረቀት ይዞ የሚመጣ ወላጅ ጥቂት ነበር። ዕድሜውን ስንጠይቅ "ያ ትልቁ በረዶ የጣለ ዓመት ነው የተወለደ" የሚለን ይበዛ ነበር። ስለዚህ ሁሉም የሚያውቀውን መለኪያ እንጠቀማለን፤ ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ይንካ። ከነካ ደርሷል፣ ካልነካ ለከርሞ ይመጣል። ልጆቹ ግን ብልጦች ናቸው። አንገታቸውን ሰበር አድርገው ጆሯቸውን ራሱን ወደ ጣታቸው ያመጡታል። "ቀጥ በል! ቀጥ በይ!" ማለት የኔ ሥራ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ማታለላቸውን መያዝ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ክረምት ለትምህርት ባሕር ዳር ሰነበትኩ። ሐይቁ ዳር አንድ የልጆች መጫወቻ ቦታ አገኘሁና ስገባ የፕላስቲክ ፈረሶች በሙዚቃ ክብ ይዞራሉ። በስልኬ ቀርጬ መጣሁ። ያን ጊዜ ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። ያቺን የአንድ ደቂቃ ፊልም የስልኬ ባትሪ እስኪያልቅ ደጋግማ አየቻት።

ነገሩ ግራ ገባኝ። ይቺ ልጅ ግምጃ ቤት ከተማ አጠገብ የሚኖሩት የእናቷ አባት ፊታቸው እያስቀመጧት ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ፈረስ ጋልባለች። እውነተኛ ፈረስ፣ የሚያነጥስ፣ የሚሮጥ።

"ምኑ ነው ይሄን ያህል የገረመሽ?" አልኳት። "የአያትሽ ፈረስ አይሻልም?"

"የአባባ ፈረስ ይዞኝ ይሄዳል" አለች። "ይሄኛው ግን ዞሮ ይመልሰኛል። አንተ እዚህ ጋ ትቆማለህ፤ ባለፍኩ ቁጥር እጄን አውለበልብልሃለሁ። መቼ ነው የምትወስደኝ?"

እኔም ብዙ ሳላስብ "እጅሽ ጆሮሽን ሲነካ" አልኳት።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እጇ ከአናቷ አልወርድ አለ። ፊቷን ስትታጠብ፣ ምሳ ሲቀርብ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆመን ሳለን እንኳ ትሞክራለች። አንድ ቀን በግራ እጇ የቀኝ ክንዷን ይዛ ስትጎትት አገኘኋት። "ምን ሆንሽ?" ብላት "እያስረዘምኩት ነው" አለችኝ።

እኔ ደግሞ የራሴ ጥያቄ ያዘኝ። ልጅን እንዲህ ያለ ቦታ ለመውሰድ የሚሻለው ዕድሜ ስንት ነው? በጣም ትንሽ ከሆነ አያስታውሰውም፤ ትልቅ ከሆነ አያምርበትም። በመሃል የሆነ ቦታ ልኩ አለ፤ የት ጋ ነው? ጥያቄ ከያዘኝ አልለቅም። ባለቤቴ "አንተ እኮ ጥያቄ ነበር ማግባት የነበረብህ" ትለኛለች። አብራኝ የምታስተምር ባልደረባዬ አራት ዓመት አለችኝ፤ በአራት ዓመቱ ልጅ ፈረሱ እውነተኛ ነው ብሎ ያምናል። ጎረቤቴ ደግሞ ከአስር በታች ድካም ነው ባይ ነው፤ ልጁን በሦስት ዓመቱ አዲስ አበባ ወስዶት አንበሳ አሳይቶት ነበር፣ ልጁ ዛሬ የሚያስታውሰው ሆቴሉ ውስጥ የነበረውን የውሃ ቧንቧ ብቻ ነው። ይሄ በጣም ስላስገረመኝ የራሴን ተማሪዎች "የምታስታውሱት የመጀመሪያ ነገር ምንድን ነው?" እያልኩ ስጠይቅ ከረምኩ። ባለ ፈረሱን አማቴንም ጠየቅኳቸው።

"እርስዎ ምን ይላሉ?"

"ፈረስ ለማሳየት ነው ባሕር ዳር ድረስ?" አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ "ልጅቱ ምን አለች?" ብለው ጠየቁኝ። እሷማ ዛሬ ብንሄድ ደስ ይላታል አልኳቸው። እሳቸውም ወደ ፈረሳቸው ሄዱ።

ሰባት ዓመት ሊሞላት ሲል እየሮጠች መጣች። አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ እኔ እንደማዘው፣ ጆሮዋን ይዛ ቆመች። አቅፌ ሳምኳት። ነገር ግን በዚያው ወር ወንድሟ ተወለደ፤ አራሷን ጥለን የት እንሄዳለን? ልጁ ቆሞ መሄድ ሲጀምር ሁለቱን አንድ ላይ ብወስድ ይሻላል አልኩ። መሄድ ሲጀምር ደግሞ የጎረቤቴ የውሃ ቧንቧ ትዝ አለኝ፤ ትንሽ ይጠንክርና ያስታውሰው ብዬ ተውኩት። እሷ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ትጠይቃለች፤ እኔ በየዓመቱ አሳማኝ ምክንያት አለኝ። ጨቅጭቃኝ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር።

በመጨረሻ ወንድሟ አራት ሊሞላው ሲል፣ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት፣ ከእንጅባራ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። እሷ አስራ አንድ ዓመቷ ነው። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ዳንግላ ስንደርስ ወንድሟ አስመለሰውና እሷው ጠረገችው። መንገዱን ሙሉ ፈረሶቹን በቀለማቸው ትቆጥርለት ነበር፤ ነጩ የኔ ነው፣ ቡናማው ያንተ። ከፊልሙ አንዱንም አልረሳችም።

ፈረሶቹ ነበሩ። ቀለማቸው ትንሽ ለቋል እንጂ እነዚያው ናቸው። መግቢያው ላይ ቀይ መስመር የተቀባ ምሰሶ ቆሟል፤ ቁመቱ ከመስመሩ ያለፈ ልጅ አይቀመጥም፣ የፈረሱ ወገብ አይችለውም ተብሏል። እኔ ያን ጊዜ በስልኬ ስቀርጽ ምሰሶውን ልብ አላልኩትም። አስተናጋጇ ወጣት ሴት ናት። ትንሹን ልጄን አሳለፈችው። ልጄም ምሰሶው ሥር ቆመች።

ከኋላዋ ነበርኩና አየሁት። ቀሚሷ ውስጥ ጉልበቷን አጠፍ አደረገች። ትንሽ ብቻ፣ ማንም እንዳያውቅ። ስንት ዓመት ክንዷን ለማስረዘም የጎተተች ልጅ፣ አሁን ለማጠር ጉልበቷን ታጥፋለች።

"ቀጥ በይ የኔ ቆንጆ" አለች አስተናጋጇ።

ድምፁ የኔ መሰለኝ። ልጄ ቀጥ አለች። አናቷ ከመስመሩ በላይ ወጣ።

"አባት፣ ትልልቆቹ የሚጫወቱበት ከዚያ ወዲያ አለ" አለችኝ አስተናጋጇ በትሕትና። ልጄ ግን "ይቅር፣ እሱን ልየው" አለችና አጥሩን ይዛ ቆመች። ወንድሟ ነጩ ፈረስ ላይ ተቀምጧል። በፍርሃት አንገቱን አቅፎ ዓይኑን ጨፍኗል። ባለፈ ቁጥር እሷ እጇን አውለበለበችለት። አንዴም አላያትም። አፈርኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ስንመለስ ትንሹ ጭኔ ላይ ተኛ። ዳንግላን ካለፍን በኋላ ልጄ ከመስኮቱ ዞር አለችና ጠየቀችኝ።

"አባዬ፣ ለዚያ ፈረስ ልኩ ዕድሜ ስንት ነበር?"

ያን ሁሉ ሰው የጠየቅኩት ጥያቄ ነው። መልሱን አሁን አውቀዋለሁ። ቀዩ መስመር ደረቴ ላይ፣ እስክሪብቶ ከምሰካበት ኪስ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። አምና መስከረም የቤታችን መቃን ላይ ስለካት አናቷ እዚያው ጋ ነበር።

"አምና" አልኳት።

ጥቂት አሰበች። እጇን በአናቷ ላይ አሻገረች፤ ጣቷ ከጆሮዋ አልፎ አገጯ ጋ ደረሰ።

"አምናማ" አለች፣ "እጄ ከደረሰ ቆይቷል እኮ።"