ንፋስ የማይገባበት አራስ ቤት

በቀደም ልጄ ለትምህርት ቤት የእጅ ሥራ የዱቄት ሙጫ ስታማስል፣ ያ ጥሬ ሊጥ ሊጥ የሚለው ሽታ ከወጥ ቤቱ ተነስቶ ሳሎን ድረስ መጣና የጀመርኩትን ነገር ትቼ ቆምኩ። ለእኔ ያ የክረምት ሽታ ነው። ሰኔ ገብቶ ሰማዩ በየረር ተራራ በኩል መጥቆር ሲጀምር፣ እናቴ በአሮጌ ጣሳ ዱቄት በጥብጣ፣ እሳት ላይ አማስላ፣ አባቴ የሚያመጣላትን ጋዜጣ እየቀደደች የቤታችንን ቀዳዳ ሁሉ ትደፍን ነበር። የመስኮቱን ጠርዝ፣ የጭቃውን ስንጥቅ፣ ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር የተኳረፈበትን ቦታ፣ አንድም አይቀራትም። ግማሹ ጋዜጣ ተዘቅዝቆ ስለሚለጠፍ፣ እኔ ተኝቼ አንገቴን እያጣመምኩ ያመለጠኝን ዜና ሁሉ አነብ ነበር።

ቤታችን አቃቂ፣ ከወንዙ ብዙም ሳይርቅ፣ በበጋ ከሰዓት በኋላ የቆዳ ፋብሪካው ሽታ ሳያንኳኳ የሚገባበት ሰፈር ነበር። እኛ ለምደነው አይሰማንም፤ እንግዳ መጥቶ አፍንጫውን ሲይዝ ግን እናፍር ነበር። አባቴ ጥጥ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ይሠራ ስለነበር፣ ከፈረቃ ሲመለስ ፀጉሩና ቅንድቡ በብናኝ ነጥቶ ያለ ዕድሜው የሸበተ ይመስላል፤ እናቴም በር ላይ አቁማ በፎጣ ሳታራግፈው አታስገባውም። እንዲያው በጠቅላላው በእኛ ዘንድ አየር ማለት ከውጭ የሚመጣ ጠላት ነበር፤ ሽታ ያመጣል፣ አቧራ ያመጣል፣ ብርድ ያመጣል። ከሳሪስ ቃሊቲ በሚመላለሰው ታክሲ ውስጥ እንኳ፣ በወንበር ሲጨቃጨቅ የመጣው ተሳፋሪ ሁሉ፣ አንዱ መስኮት ከፈት ሲያደርግ ወዲያው ይታረቅና በአንድ ድምፅ «ወንድሜ፣ ዝጋው እንጂ! ንፋስ ይመታናል!» ይላል። ከዚያ ሁሉም የጎረቤቱን ትንፋሽ እየሳበ በሰላም ይጓዛል።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ግንቦት ውስጥ ይመስለኛል፣ የሳይንስ ቲቸራችን አንድ ሻማ ለኩሶ ብርጭቆ ደፋበትና እሳቱ እየኮሰመነ ሲጠፋ አሳየን። አየር አንድ ነገር ሳይሆን ቅልቅል መሆኑን የሰማሁት ያን ቀን ነው። አምስት ቦታ ብንከፍለው አራቱን እጅ ያህል ናይትሮጅን ይይዘዋል፣ አንዱ እጅ ኦክስጅን ነው፣ የቀረችው እንጥፍጣፊ ደግሞ አርጎን የሚባል ሥራ ፈትና እኛው የምናስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ናት፤ የውሃ ተንም እንደ ወቅቱ ይቀላቀልበታል። «የበላችሁት ምሳ ሆዳችሁ ገብቶ ብቻ ጉልበት አይሆንም፤ ልክ እንደዚህ ሻማ ሰውነታችሁ ውስጥ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ለመንደድ ደግሞ ኦክስጅን ይፈልጋል» አለን። ዛፉም፣ ዶሮዋም፣ ዓሣውም እንደዚያው እንደሆነ ነግሮን፣ እኛ ከተወለድን ጀምሮ ዓሣ አይተንበት ወደማናውቀው ወደ ወንዛችን በመስኮት አየት አደረገ።

ማታ ይህንን ሁሉ እንደ ጉድ ለቤተሰቡ አወራሁ። አባቴ በጥሞና ሰምቶኝ ሲያበቃ «ጥጡንስ የት አደረጉት?» አለ። እናቴም ቀበል አድርጋ «የቆዳውንስ ሽታ?» አለችና ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁብኝ። እኔ አኩርፌ ተኛሁ፤ ደግነቱ ኩርፊያዬ ከቁርስ አያልፍም ነበር።

ሐምሌ ላይ እናቴ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ረድኤትን። ሊያርሷት የመጡት የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ዘውዴ ነበሩ፤ ከሳሪስ ፍራሻቸውንና የገንፎ ማማሰያቸውን ሳይቀር ተሸክመው መጡ። እትዬ ዘውዴ ብርቱ፣ ቀልደኛ፣ ሲቆጡም ሲስቁም ሰፈር የሚሰማቸው ሴት ነበሩ። አንድ ነገር ላይ ብቻ ግን ቀልድ አያውቁም። እኔ ሳልወለድ፣ እንዲሁ በክረምት፣ አንድ ወንድ ልጅ ወልደው ክርስትና ሳይነሳ በአራስ ቤት ሞቶባቸዋል። ጤነኛ ልጅ ነበር፤ ጠግቦ ተኝቶ በዚያው ቀረ። ሰዉ ሁሉ «ብርድ መታው» አለ፣ እሳቸውም አመኑ፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ አልወለዱም። ስለዚህ የመጡት እናቴን ሊያርሱ ብቻ አልነበረም። ይህችን ልጅ ላለማስነጠቅ ነበር የመጡት፤ እኔ ልጅ ሆኜ እንኳ ይገባኝ ነበር።

እናቴ የለጠፈችው ጋዜጣ ለእትዬ ዘውዴ ምንም አልነበረም። በላዩ ሌላ ደረቡበት፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረዱት፣ በሩ ላይ ወፍራም ጋቢ ሰቀሉ፣ ከበሩ ሥር ጨርቅ ጠቀጠቁ። ጠያቂ ሲመጣ ቀጥታ ወደ አራሷ መግባት ክልክል ነው፤ በመግቢያዋ ጠባብ ክፍል ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ከውጭ ይዞት የመጣው ብርድ እስኪለቀው ይቆያል። አባቴ እንኳ በገዛ ቤቱ ዱካው ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቅ ነበር። አንዳንዴ በጋቢው ስር አንገቱን አስግጎ «እትዬ፣ አሁንስ በርጃለሁ ወይስ ሞቅ ብያለሁ?» ሲላቸው «ገና ነህ!» ብለው ይመልሱታል፣ እናቴም ከአልጋዋ ትስቃለች።

እኔ ግን ሻማውና ብርጭቆው ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ፣ አንድ ቀን ደፍሬ «እትዬ፣ ረድኤት እኮ ኦክስጅን ያስፈልጋታል» አልኳቸው።

«እሷን የሚያስፈልጋት ጡት ነው» አሉ እየሳቁ። ዝም አልልም ብዬ ትንሽ መስኮት እንድንከፍት ስለምናቸው ግን ሳቃቸው ቀዘቀዘ። «ሰላምዬ፣» አሉኝ፣ «መጽሐፉ ይንገርሽ፤ ጥሩ ነው። እኔ ግን ልጅ ቀብሬያለሁ።»

እናቴ ዓይኗን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ከዚያ በኋላ ስለ አየር አላነሳሁም።

ከሰል ደጅ ተያይዞ፣ ጭሱ አልቆ፣ ፍም ሲሆን ነው ወደ ቤት የሚገባው፤ ይህንን የማታውቅ ሴት በሰፈራችን አልነበረችም። ጭሱ ካለቀ ጉዳቱም አብሮ እንዳለቀ ነበር የምናስበው። ነሐሴ ላይ አንድ ቅዳሜ ግን ከጠዋት ጀምሮ የወረደው ዝናብ ንፋስ እየገፋው በረንዳው ላይ ሁሉ ይገባ ስለነበር፣ እትዬ ዘውዴ ማንደጃውን እዚያው ቤት ውስጥ አያያዙት፤ ከሰሉ ርጥበት ስላገኘው ደግሞ ደራርበው ሞሉት። እኔን ስኳር እንድገዛ ወደ ሸምሱ ሱቅ ላኩኝ። ሸምሱ ደግ ሰው ነበርና «ዝናቡ ይቅለልልሽ» ብሎ ባንኮኒው አጠገብ አቆየኝ፣ እኔም ብስኩቶቹን እያየሁ ቆየሁ።

ስመለስ ጋቢውን ገለጥ ከማድረጌ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። እናቴ በጎኗ ተኝታ ሳህን ላይ ታስመልሳለች። እትዬ ዘውዴ ራሳቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገው አስረው፣ ረድኤትን ታቅፈው፣ ግድግዳ ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«ዝጊው! ዝጊው!» አሉኝ፤ ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም። «ምች መታን፣ በየት እንደገባ እንጃ። ሂጂ ዳማከሴ ቆርጠሽ ነይ፣ ቶሎ በይ።»

ዳማከሴው አጥሩ ሥር ነበር። ስሮጥ ከፈረቃ ከተመለሰው አባቴ ጋር ደጃፉ ላይ ተጋጨን። «እማዬንም እትዬንም እኩል ራሳቸውን አሟቸዋል፣ እማዬ ታስመልሳለች፣ ምች ነው» አልኩት።

«ሕፃኗስ?»

«ተኝታለች።»

አባቴ ያን ቀን ዱካው ላይ አልተቀመጠም። ባለፈው ክረምት አንድ የፋብሪካው ዘበኛ ጥበቃ ቤቱን ዘግቶ ከሰል ሲሞቅ አድሮ ጠዋት ሞቶ ተገኝቷል፤ በሩን ገፍተው ካወጡት ሰዎች አንዱ አባቴ ነበር። ጋቢውን ከነሚስማሩ ገነጠለው፣ ማንደጃውን በኮቱ ይዞ ዝናቡ ውስጥ ወረወረው፣ ተመልሶ እናቴን ከነብርድ ልብሷ አንስቶ ወደ ደጅ አወጣት።

ክርስትና ያልተነሳች ልጅ እናት፣ አራስ፣ በነሐሴ ዝናብ ሰማይ ሥር! እትዬ ዘውዴ ያለ የሌለ ኃይላቸውን አሰባስበው ጮኹ። «አብደሃል እንዴ አንተ ሰው? ገደልካት እኮ!»

«ከሰሉ ነው እትዬ። ይውጡ፤ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ልጅቱን ይዘው ይውጡ።»

«አልወጣም» አሉና ረድኤትን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ወደ ጥግ ሸሹ። «ይቺንማ ንፋስ አይወስድብኝም።»

አባቴ መንጠቅ ይችል ነበር። አልነጠቀም። ፊታቸው በርከክ ብሎ፣ ውሃው ከፀጉሩ እየተንጠባጠበ፣ ቀስ ብሎ «ይዩዋት እስቲ» አላቸው። «ዝም ብለው ይዩዋት።»

እትዬ ዘውዴ አጎነበሱ። የረድኤት እጅ ከመጠቅለያው ወጥቶ ተንጠልጥሏል፤ አነሱት፣ ለቀቁት፣ ተመልሶ ወደቀ። ለረጅም ጊዜ ያዩት መሰለኝ፤ ምናልባት ቅጽበት ነው። ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ተነሱና፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሸሹት ወደኖሩት ንፋስ ልጅቱን ታቅፈው በራሳቸው እግር ወጡ።

እኔ የእናቴን ራስ ጭኔ ላይ ይዤ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ነበር። ጎረቤቶች ጩኸቱን ሰምተው ጃንጥላ ይዘው እየሮጡ መጡ፤ አራስ ደጅ ተኝታ ሲያዩ እያማተቡ ጃንጥላቸውን በላያችን ዘረጉ። እትዬ ዘውዴ ግን ከጃንጥላው ውጭ ቆመው ሕፃኗን እየወዘወዙ «እባክሽ፣ እባክሽ የኔ እናት» ይሉ ነበር። ዝናቡ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ረድኤት መጀመሪያ አፏን ከፈተች፣ ቀጥሎ እንደ ማነጠስ አደረጋት፣ ከዚያ አለቀሰች። እንደዚያ የሚያስደስት ለቅሶ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። አባቴ ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ እሱም አለቀሰ።

ሦስቱም ጤና ጣቢያ ሁለት ቀን ተኙ። ኦክስጅን የሚባለውን ነገር በብረት ጋን ታሽጎ፣ በቱቦ ወደ እህቴ ትንሽ አፍንጫ ሲሄድ ያየሁት እዚያ ነው። ነርሷም ለአባቴ፣ ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር እንደሚወጣው፣ ደማችንም በኦክስጅኑ ፈንታ እሱን አቅፎ እንደሚዞር፣ ሽታም መልክም እንደሌለው ስታስረዳው፣ እትዬ ዘውዴ ከአልጋቸው ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ጋዜጣውን ከግድግዳው የላጡት እሳቸው ናቸው። በርጥብ ጨርቅ እያራሱ፣ በቢላ እየፋቁ፣ እኔም ቅዳጁን እየሰበሰብኩ ሳለን፣ ሥራቸውን ሳያቋርጡ አባቴን «ያ የነገርከን ዘበኛ፣ ሲያገኙት፣ የታመመ ይመስል ነበር?» ብለው ጠየቁት።

«የተኛ ነበር የሚመስለው» አለ አባቴ።

እትዬ ዘውዴ መፋቃቸውን ቀጠሉ። ቆይተው «የኔም ልጅ ክረምት ነበር» አሉ። አባቴ «ያኔ ማን ያውቅ ነበር፣ እትዬ» አላቸው፤ እናቴ ሕፃኗን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ከዚያ በኋላ በቤታችን ይህንን ነገር ማንም ደግሞ አላነሳውም፤ ሁላችንም እንደገባን ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ያቺ ረድኤት ዘንድሮ ሐምሌ ራሷ ወለደች፤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። እናቴ ዛሬ የለችምና፣ እትዬ ዘውዴ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በየደረጃው እያረፉ፣ ላርሳት ብለው መጡ። እኔና እህቴ መስኮቱን ሊደፍኑ ነው ብለን በፍርሃት ተያየን። እሳቸው ግን ከገቡ በኋላ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ መስኮቱን አንድ ጋት ያህል ከፈቱና ወንበራቸውን እዚያው አስጠጉ። ንፋሱ ቀጥታ አልጋው ላይ እንዳያርፍ፣ ጋቢያቸውን ደርበው በጀርባቸው ከለሉት። ቀን ቀን ውሏቸው እዚያ ሆነ። ዛሬ ቤታችን ውስጥ የጋዜጣ ልጣፍ የለም፣ ማንደጃም የለም፤ በመስኮቱ የሚገባው የቆዳ ሽታ ሳይሆን የከባድ መኪና ጭስና የግንባታ አቧራ ነው። ያኔ የምንወደውን ሰው እንዘጋበት ነበር፣ ዛሬ ደግሞ እንከፍትለታለን፤ ስጋታችን ግን ያው የጥንቱ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ረድኤት እንቅልፍ ሲወስዳት፣ እትዬ ዘውዴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰላምዬ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ» አሉኝ። «የኔን ልጅ ከሰሉ ነው፣ አይደል?»

ስንት ዓመት ይዘውት ኖረዋል። ልዋሻቸው አሰኝቶኝ ነበር፤ ግን ለሳቸው ውሸት አይመጥንም። «አላውቅም እትዬ» አልኳቸው። «ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። አሁን ማንም ሊያውቀው አይችልም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባውቅማ» አሉ፣ «ሜዳ ላይ ይዤው አድር ነበር።»

እጃቸውን ያዝኩ። በዚህ መሃል ሕፃኑ አልጋው ላይ አነጠሰ፣ አንዴ፣ ቀጥሎም ደገመው። እኔ ከወንበሬ ተነሳሁ፣ ረድኤትም ከእንቅልፏ ባንና ክንዷን ዘረጋች፣ የሁለታችንም እጅ እኩል ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ተዉት» አሉ እትዬ ዘውዴ። «ይግባ።»