«በጣም ረክቻለሁ» ያልኩበት ወረቀት

ሌላው ስደተኛ ሲያወራ «በሌሊት ወጣሁ» ይላል። እኛ ከፒያሳ የወጣነው በጠዋት ነው፤ በደርግ ጊዜ ሌሊት ሰዓት እላፊ ስለሆነ ለመሰደድ እንኳ አይመችም ነበር። በዋዜማው አማቴ ከአፍንጮ በር መጥተው እኛው ዘንድ አደሩና ሻንጣችንን ሦስት ጊዜ ፈትተው አሰሩት። «ልጄን አደራ፤ እኔ ከታናሽ ወንድሙ ከተፈራ ጋር አለሁ» አሉኝ። ጎረቤት ሲጠይቅ «ለሕክምና ነው የሄዱት» እንዲባል ተመካከርን። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ውሸቱ ሮም ላይ እውነት ሆነ።

በሁለተኛው ክረምት ባለቤቴ ደምሴ ሳንባውን ታመመና ሪያኒማሲዮኔ የሚሉት ክፍል አስገቡት፤ ሰው በማሽን የሚተነፍስበት ነው። እኔም እንደ አገሬ አልጋው ሥር ላድር ምንጣፌንና በፔርሙስ አጥሚት ይዤ ሄድኩ። የክፍሉ አለቃ ሱኦራ አኜዜ፣ የካቶሊክ መነኩሲት ናት፣ ምንጣፉን አየችና፣

«ይህ ምንድን ነው?»

«መኝታዬ።»

«ሲኞራ፣ የምናስታምመው እኛ ነን። ለቤተሰብ በቀን ግማሽ ሰዓት ነው።»

ግማሽ ሰዓት እኛ ዘንድ ለሰላምታ ነው፤ ይህን ያልኩት ግን በልቤ ነው።

ሐኪሙ ደግሞ «ሊሞት ይችላል» ብሎ እዚያው ኮሪደር ላይ፣ እንደቆምኩ ነገረኝ። በአገራችን ለእንዲህ ያለ ነገር ሽማግሌ ይላካል፣ ሰው እህል ውሃ ይቀምሳል። ግድግዳውን ተደግፌ ለአራዳው ጊዮርጊስ ጃንጥላ ተሳልኩ።

በሳምንቱ ሱኦራ ለየቤተሰቡ ወረቀት አደለች። በሕክምናው፣ በነርሶቹ፣ በመጠየቂያው ሰዓት ምን ያህል ረክተዋል ይላል። ቀበሌያችን አንድ ጊዜ «አስተያየታችሁን በነፃነት ጻፉ» ሲለን፣ በነፃነት የጻፈው ጎረቤታችን ስድስት ወር ጠፍቶ ነበር። ደምሴ ደግሞ በእጃቸው ነው፤ ትንፋሹ ሶኬት ላይ ተሰክቷል። ስለዚህ በሁሉም ላይ «በጣም ረክቻለሁ» አልኩ። ከታች ባዶ ቦታ ቢተርፈኝ «ግድግዳውም ንጹሕ ነው» ብዬ ጨመርኩ።

ባሏ እዚያው የተኛባት ሲኞራ ፒና ወረቀቱን ፊትና ኋላውን ሞላችው።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አልኳት።

«ይህ እስር ቤት ነው አልኩ።»

አማተብኩላት። ማታም በጸሎቴ አሰብኳት።

በማግስቱ ሲኞራ ፒና ወንበር ተሰጥቷት ከባሏ አጠገብ ተደላድላ አየኋት። እኔን በግማሽ ሰዓቴ ሸኙኝ።

«እኔስ?» አልኩ።

«አንቺማ ረክተሻል» አለች ሱኦራ ወረቀቴን አውጥታ። «ስለ ግድግዳውም እናመሰግናለን።»

«ፈርቼ ነው የጻፍኩት።»

«ማንን?»

ዞር ብዬ በሩን አየሁ። «እሱን እኔም አላውቀው።»

ሌላ ወረቀት ሰጠችኝ። እያላበኝ የዕድሜዬን የመጀመሪያ አቤቱታ ጻፍኩ፦ «ግማሽ ሰዓት አይበቃኝም። ከታላቅ ይቅርታ ጋር።» ሱኦራ አነበበችና ራሷ ወንበር ጎትታ አመጣችልኝ።

በአራተኛው ቀን የደምሴን ቱቦ አወጡለት። ዓይኑን ገልጦ አየኝና፣

«ወንበሩን ማን ሰጠሽ?» አለ።

«አቤት ብዬ ነው።»

«አንቺ?» አለና መልሶ ዓይኑን ጨፈነ።

ይኼኔ አማቴ ቀርበው ወደሚያነጋግሩበት የጎረቤት ሱቅ ስልክ ደወልኩ።

«ደምሴስ?»

«በጣም ደህና ነው፣ እማማ። ሥራ በዝቶበት ነው። ተፈራስ?»

«እሱም በጣም ደህና ነው፤ ሥራ በዝቶበት ነው። ሁሉ ሰላም ነው፣ ሁሉ ሞልቷል፣ ስኳሩም አለ።»

ስለ ስኳር አልጠየቅኋቸውም። ግድግዳዬ ትዝ አለኝ።

«እማማ፣ ለጊዮርጊስ አንድ ጃንጥላ ያስገቡልኝ።»

«ለምን ተስለሽ ነው?»

«እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ» አሉ ቀስ ብለው። ጃንጥላ እንዲሁ እንደማይገባ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። «ስለትሽ ሰመረ?»

«ሰመረ፣ እማማ።»

«ተመስገን። የእኔ ገና ነው።»

«እርስዎም ተስለዋል? ለምን?»

«እንዲሁ ነው» አሉኝ፤ ስልኩም ተቋረጠ።