የለተንሳኤ አባት አገር

በፈረንጆቹ 2014 የነበረው ክረምት አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ነበር። በሰው አገር፣ ቻምበርስ ሮድ በሚባለው መንገድ ዳር ባለው አፓርታማችን ደጃፍ በረዶው አልቀልጥ ብሎ፣ እኔና ጎረቤቴ ለተንሳኤ ማሞቂያው ሥር ተጠጋግተን እንውል ነበር። ልጇ ሃብቶም ታክሲ ነድቶ ሲመለስ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ኮምፒውተሩ ላይ ይደፋል። የእናቱን አባት ዘመዶች ነበር የሚፈልገው። ሰውዬው አስመራ ባቡር ላይ ይሠራ የነበረ ማኑኤል የሚባል ነጭ ነው፤ ለተንሳኤ ገና ልጅ ሳለች ሞተባት።

"ዘመዶቹ መኖሬን ሳያውቁ አልሙት" ትላለች ሁልጊዜ።

ሃብቶም ስንት ዓመት ወደ ጣልያን አገር ሲጽፍ ኖረ። መልሱ "እንዲህ ያለ ሰው የለም" ብቻ ነው።

"ይሄ ጣልያን የት ገባ?" አለ አንድ ቀን ተሰላችቶ።

"ኧረ ጣልያን ሲሉት ይቆጣ ነበር እኮ!" አለች እናቱ። "አገሬ ስፔን ነው እያለ ሲጮህ እንስቅበት ነበር።"

"እማዬ! ይሄን እስከ ዛሬ የት ደበቅሽው?"

"መች ጠየቅኸኝ?"

እኔም ሳቅሁ። በእኛ አገር ያኔ ነጭ ሁሉ ጣልያን ነበራ።

ሃብቶም ከዚያ ወዲያ ወደ ስፔን መጻፍ ጀመረ። ካዲዝ በምትባል የስፔን ከተማ የማኑኤል ወንድም የልጅ ልጅ ስትገኝ፣ ለተንሳኤ ካረፈች ሁለት ወር ሆኗት ነበር። ሴትዮዋ የለተንሳኤን ፎቶ ከሃብቶም አስልካ ከቤተሰቡ ፎቶዎች ጎን ሰቀለችው።

"ሄደህ አታያቸውም?" አልኩት።

"ደክሞኛል፣ እትዬ ሠርካዲስ። አይቼስ ለማን ልንገር?"

መጨረሻ እንደ ሰማሁት፣ ሃብቶም ታክሲውን ትቶ ቶርንተን በምትባል ከተማ ልጁ ሄርሞን ቤት ይኖራል።