አልወርድ ያለ ትከሻ

በቴክሳስ ምድር እንደኔ ጭንቀት የማያውቅ ሰው አልተፈጠረም። አውሎ ነፋስ ጣሪያዬን ነቅሎ ቢወስደው እንኳ «በሰላም ግባ» ብዬ ተመልሼ የምተኛ ሰው ነኝ። ባለፈው እሁድ ይህንኑ ለልጄ ለሶስና ስደሰኩርላት፣ ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ተጫነችው።

«አባዬ፣ ትከሻህን ልቀቀው።»

«ለቅቄዋለሁ።»

«ጆሮህ ጋ ደርሷል እኮ!»

ፍሪስኮ ከተማ ካለው ቢሮዋ፣ ሰውነትን በማፍታታት ጭንቀትን ማስወገድ ተምራ መምጣቷ ነው። ለኔ ግን ነገሩ አዲስ አልነበረም፤ ነገርኳት።

በሃያዎቹ ውስጥ ሳለሁ ፎርት ዎርዝ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እደረድር ነበር። አንድ ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጥቁር ኮት ለብሰው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ልብስ፣ የሀገሬ ሰው ለምን እንደሚመጣ ለማንም አይጠፋም። አባቴ ሀገር ቤት አርፎ ነበር። ከኋላቸው የመጡት ሴቶች ደረታቸውን ሲመቱ እኔ ወንበር አቀረብኩላቸው። በፎይል ትሪ የመጣውን ምስር ወጥ እያስጨመርኩ በላሁ፤ ጨው ይኑረው አይኑረው ግን አላውቅም። እንባም የለ፣ ሐዘንም የለ። ትከሻዬ ብቻ ወደ ላይ ወጥቶ ቀረ። ቀጥሎ ቀኝ እጄ ደነዘዘ፤ ካርቶኑ ከእጄ እየወደቀ ሲያስቸግር አለቃዬ «ሳትታከም እንዳትመጣ» አለኝ።

ሐኪሙ አጥንቴ ደህና መሆኑን አይቶ፣ ድንጋጤንና ሐዘንን በሰውነት በኩል ወደምታክም ሴት ላከኝ።

«አሁን ሰውነትህ ምን ይሰማዋል?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው።»

«ትከሻህስ?»

«እሱም ደህና ነው፤ ሰላም ብሎሻል።»

ምን ላድርግ? እኛ እሳት ላይ ተጥደንም መልሳችን ተመስገን ነው። ሴትዮዋ አልሳቀችም። እግሬን መሬት ላይ ተክዬ፣ ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ፣ ሰውነቴ መንቀጥቀጥ ሲያምረው ሳልከለክለው እንድተወው አሳየችኝ። ቤትም ተለማመድ አለችኝ።

አብሮኝ የሚኖረው ታምራት፣ ጸሎት የማያስታጉል ታክሲ ነጂ፣ ሳሎን መሃል ዓይኔን ጨፍኜ ስንቀጠቀጥ አየኝ። በማግስቱ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት እነዚያው ሽማግሌዎች፣ እነዚያው ጥቁር ኮቶች።

ጉልበቴ በራሱ ጊዜ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«እናቴ ናት?» አልኩ።

«ምኗ?» አሉ ከፊት የቆሙት ጋሽ ወርቁ።

«እናቴ ሞተች?»

«ኧረ በኢየሱስ ስም! እኛስ ጋኔን ያዘው ተብለን ልንጸልይልህ ነው።»

ታምራት ከጀርባዬ፣ «ሶ፣ ምን ላድርግ? ሲንዘፈዘፍ አየሁት፣ ኮል አደረግኩላቸዋ!» አለ።

የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሽ ወርቁም በዚያ ኮታቸው አጠገቤ ተቀመጡ። ገና በማለዳው የበጋው ሙቀት ከፓርኪንጉ አስፋልት ይነሳል።

«አባትህ እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?» አሉኝ።

እጄ የኮታቸውን እጅጌ ጨምድዶ ይዞ ነበር። ጨርቁ ሻካራ ነው፤ ሻካራነቱ ተሰማኝ።

ሶስና እጇን ከትከሻዬ ሳታነሳ «ከዚያስ አለቀስክ?» አለችኝ። የምቀልደው ፈለግሁ፤ አጣሁ። ሃምሳን አልፌያለሁ። የማላውቀው ሰው ለቅሶ ሄጄ ከባለሐዘኑ በላይ አነባለሁ። ለአባቴ ግን እስከ ዛሬ አላለቀስኩም።