ጠዋት ከቁርስ በኋላ

ትናንት ትምህርት ቤታችን ክትባት ሲሰጥ የአልኮሉ ጥጥ ሸተተኝና እህቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ይኸው ደብተሬን ይዤ ተቀመጥሁ፤ መጻፍ ከለመድሁ ወዲህ ሽታ ያስታወሰኝን ሁሉ መጻፍ ያምረኛል።

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እህቴ ስድስት ዓመት ዓረብ አገር ሠርታ ስትመለስ ሆዷ በግራ በኩል አብጦ፣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ስንወስዳት የተቀበሉን ዶክተር ውጭ አገር ድረስ ሄደው የደም ካንሰር ያጠኑ፣ ተመልሰው ሐኪም የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። ነጭ ጋዋን የለበሱ ተማሪዎች እግር በእግር ይከተሏቸዋል። ደሟን በማይክሮስኮፕ አዩና የደም ካንሰር ነው ብለው ክኒን አዘዙላት።

«ጠዋት ከቁርስ በኋላ፣ በየቀኑ። ካላቋረጥሽው ልጅ ወልደሽ ታሳድጊያለሽ» አሏት።

በሁለት ወሩ ሆዷ ጎደለ፤ መሳቅ ጀመረች። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ።

እህቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ቁርስ ከሌለ ደግሞ ክኒን የለም። የንስሐ አባታችን «ለበሽተኛ ተፈቅዷል» ቢሏት አልሰማችም።

«ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ ሳልጾም ኖርሁ» አለችኝ። «አሁን አገሬ ገብቼ ደግሞ ልብላ?»

«ክኒኑሳ?»

«ጠዋት ነው የተባለው። ጠዋቱ ካለፈ አለፈ። ለእማዬ ብትነግሪ ጉድሽ ነው።»

ለእማዬ አልነገርሁም። ጾሙ ሲፈታ ትውጣለች፤ ረቡዕና ዓርብ ትተዋለች፤ ፍልሰታ ሲገባ ጭራሽ ተወችው። የተረፈውን በሻንጣዋ ኪስ ታጠራቅማለች። ለቀጠሮ ስንሄድ ዶክተሩ «ትውጣለች?» ብለው እኔን ሲጠይቁኝ «አዎ» አልኋቸው።

በቡሄ ሰሞን፣ ጅራፍ ከየጉብታው ሲጮህ፣ እህቴን ነሰራት፤ አልቆም አለ። ሆስፒታል በተኛች በሦስተኛው ቀን ዶክተሩ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሲዞሩ ከሻንጣዋ ኪስ ያመጣሁትን ክኒን አልጋዋ ላይ ዘረገፍሁት። እያለቀስሁ ሁሉንም ነገርኋቸው።

እኔን አልተቆጡም። ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ።

«ጻፉ» አሉ። «ጠዋት ከቁርስ በኋላ ብዬ ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት እህል ስትቀምሺ ዋጪው ብላት ይበቃ ነበር። የጋይንት ገበሬ ልጅ ነኝ፤ እናቴ በጾም ጠዋት በልታ አታውቅም። ይህን ያህል ተምሬ፣ ስንት ሰዓት ትበያለሽ ብዬ አልጠየቅኋትም።»

«አሁንስ፣ በዘጠኝ ሰዓት ብውጠው?» አለች እህቴ ከትራሷ ቀና ብላ።

አንዷ ተማሪ መጻፏን አቆመች።

«በሽታው ክኒኑን ቀድሞታል፣ ልጄ» አሏት ዶክተሩ። «ግን እንሞክራለን።»

ከዚያ ወዲያ ሰዓት የምጠብቀው እኔ ሆንሁ። ጾሙ ከተፈታም በኋላ ሰዓቱን አልቀየርነውም። ዘጠኝ ሲሞላ ጥቂት አጎርሳትና ክኒኑን መዳፏ ላይ አኖርላታለሁ። «ነርሷ መጣች፣ ቀጥ በሉ» እያለች ጎረቤት አልጋ ላይ ለተኙት ታሾፍብኝ ነበር። እስከ ደመራ ዋዜማ፣ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ፣ አንድም ቀን አላሳለፍንም።