የኩባው ሐኪም «አኡያ»

አታምኑኝም፤ ግን ይህን ከዋሸሁ የሰሜን ጭላዳ ጢሜን ነጭቶ ይጨርሰው! በደርግ ጊዜ ነው። አንድ የኩባ ሐኪም ለክትባት ከደባርቅ ወደ አምባራስ ሲሄድ፣ መድኃኒቱን በአህያዬ ጭኜ መንገድ መራሁት። የአምባራስ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር «መድኃኒቱ ከጠፋ እስር ቤት ነህ» ብሎ ልኮብኛል።

መንገዱን ሙሉ እኔ እንደ እንስሳ ስጮህ፣ እሱ ጩኸቱ በእስፓኞች ቋንቋ ምን እንደሚባል ሲነግረኝ ሄድን። እንደ ላም ስጮህ «ሙሄ» አለ። እንደ በግ ስጮህ «ባላ» አለ። «ኧረ ዶክተር፣ ገና ምን በላና!» ብዬ ሳቅሁ።

ስንስቅ ጉም ወረደብን። የገዛ እጄን ማየት አቃተኝ። አህያዬ ከነጭነቷ የለችም። ወዲያው ከአጠገባችን ጅብ ረዘም አድርጎ አላዘነ።

«አኡያ!» አለ ሐኪሙ። «አኡያ!»

የላምና የበግ ጨዋታችንን ረስቼ፣ አማርኛ የለመደ መሰለኝ። «አህያዬን አዩልኝ? እሰይ፣ ጅቡ ሳይቀድመን!» ብዬ ከፊቴ ወደ ቆመው ጥላ ዘለልሁና ጋማዋን ጨበጥሁ። ጭነቱ ጀርባዋ ላይ የለም። እስር ቤቱ ታየኝ። «የት ጣልሽው፣ አንቺ ጉድ?» እያልሁ ጎተትኋት። ዝም ብላ ተከተለችኝ። ኮቴዋ ግን ድንጋዩ ላይ አይሰማም። ትንፋሿም የከረመ ጥንብ ይሸታል። ሐኪሙ ከሩቅ፣ ከኋላችን፣ አሁንም «አኡያ» ይላል።

አምባራስ ስንደርስ ጉሙ ተገፈፈ። ሊቀመንበሩ አጥር ላይ ተንጠላጥሎ ጮኸ፦ «አንተ ሞላ! አህያህማ መድኃኒቱን ይዛ ከገባች ቆየች! ያንን ጅብ ለማን ነው የምታመጣው?»